በቢቸናና በሞጣ የግጥሚያ ጨዋታዎች ውስጥ ስላለው የብልሃት ውጊያ

መግቢያ

ስለ አገራችን የሕዝብ ጨዋታዎች የተጻፉት ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚነግሩን ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም አንደኛው ጨዋታው በምን ዕቃ እንደሚካሄድ፣ ሁለተኛው ሕጉ ምን እንደ ሆነ ነው። የገናው ዱላ ከምን ዓይነት እንጨት እንደሚቈረጥ፣ የገበጣው ጉድጓድ ስንት እንደ ሆነ፣ የጉግስ ፈረሰኞች በምን አኳኋን እንደሚሰለፉ ከእነዚህ ጽሑፎች መማር ይቻላል። ነገር ግን ሕጉን ብቻ ዐውቆ ወደ ሜዳ የገባ ሰው ወዲያው እንደሚሸነፍ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በሕጉና በድሉ መካከል አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ተጋጣሚዎች አንዱ የሌላውን አሳብ ለማወቅና የራሱን ለመሸሸግ የሚያደርጉት ትግል ነው። ይህን ትግል በዚህ ጽሑፍ «የብልሃት ውጊያ» ብዬ እጠራዋለሁ።

ይህን ጉድለት በሌሎች ላይ ብቻ ማመልከቴ አይደለም። ገና ተማሪ ሳለሁ በሞጣ አካባቢ ስለ ገና ጨዋታ የያዝሁት ማስታወሻ ዛሬም በእጄ አለ። የዱላው ርዝመት በክንድ ተለክቶ ተጽፎበታል፤ የሩሩ መጠን ተጽፎበታል፤ የሜዳው ወርድና ቁመት ተጽፎበታል። በወጣትነታቸው በገና ጨዋታ ዝናቸው የታወቀ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ፣ ያን ሁሉ ጨዋታ በምን ብልሃት እንዳሸነፉ ግን አንድ መስመር አልጻፍሁም፤ አልጠየቅኋቸውምና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ፣ መጠየቅ የነበረብኝ ነገር ምን እንደ ሆነ ተረድቼ ስመለስ ሰውየው ዐርፈው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በምሥራቅ ጎጃም ከሚታወቁት ጨዋታዎች ምክቶሽን፣ ጉግስንና ገናን መነሻ አድርጎ፣ ከቀድሞው የመኳንንት ሰንጠረዥና ዛሬ በከተሞች ከሚታየው የፍልሚያ ቪዲዮ ጨዋታ ጋር በማነጻጸር፣ የብልሃት ውጊያ ከምን እንደሚነሣና ወሰኑ በማን እንደሚደነገግ ማስረዳት ነው። ቢቸና በእነማይ፣ ሞጣ ደግሞ በሁለት እጁ እነሴ አገር የሚገኙ ከተሞች ሲሆኑ፣ ሁለቱም በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል ባለው የእርሻ አገር ላይ የተቈረቈሩ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ጉዞውንም የበዓሉንም ጨዋታ ከባድ ስላደረገው፣ የምጽፈው ከዚያ በፊት በተለያዩ ዓመታት ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

ምክቶሽ

ምክቶሽ ስሙን ያገኘው «መመከት» ከሚለው ግሥ ነው። ሁለት እረኞች ዱላ፣ ወይም እንዳይጐዳዱ አገዳ ይዘው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል። ከዚህ የቀለለ ጨዋታ አለ ለማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ የብልሃት ውጊያ ሥሩ በሙሉ በዚሁ ቀላል ጨዋታ ውስጥ ይገኛል።

የሚመክተው ልጅ ያለው አንድ ዱላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ራሱን ሊከላከል ከፍ ያደረገው እንደ ሆነ እግሩ ይጋለጣል፤ እግሩን ሊከላከል ዝቅ ያደረገው እንደ ሆነ ራሱ ይጋለጣል። የሚሰነዘረውን ምት አይቶ ለመመከት እንዳይጠብቅ ምቱ ከዐይኑ ይፈጥናል። እንግዲህ ምቱ ከመሰንዘሩ በፊት ከላይ ይሁን ከታች መገመት ግድ ይሆንበታል። የሚመታውም ልጅ ተጋጣሚው እንደሚገምት ያውቃል። ስለዚህ ብልህ የሆነው ሁለት ሦስት ጊዜ ከላይ ከላይ ይሰነዝራል፤ ይህም ለመምታት ሳይሆን «ይህ ልጅ ከላይ ብቻ የሚመታ ነው» የሚለውን አሳብ በተጋጣሚው ልብ ለመትከል ነው። በአራተኛው ከታች ይመታል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ማዘናጋት ይባላል።

ተጋጣሚው ግን ነቅቶ ሊሆን ይችላል። የነቃ ልጅ ነቅቻለሁ አይልም። እንዲያውም የተዘናጋ መስሎ ዱላውን ከፍ አድርጎ ይቆያል፣ እግሩን እንደ ማጥመጃ ያቀርባል፤ ምቱ ከታች ሲመጣ ዘሎ ያሳልፈውና ጐንበስ ያለውን ተጋጣሚ ከላይ ያገኘዋል። ይህ ሁለተኛው ደረጃ መንቃት ነው። ሦስተኛውም ደረጃ አለ፤ ይኸውም ተጋጣሚው መንቃቱን የተረዳ መቺ ከታች የሚሰነዝር መስሎ እጁን ይገታና፣ ያኛው በባዶ ሲዘል ሲወርድ ይጠብቀዋል። አራተኛውንና አምስተኛውን ደረጃ በአሳብ መቀጠል ይቻላል፤ በሜዳ ላይ ግን ከሦስተኛው የሚያልፍ ጥቂት ነው። ብዙ ደረጃ ወደ ላይ የወጣ ሰው ከማያስብ ጀማሪ ጋር የተጋጠመ እንደ ሆነ በራሱ ብልሃት ይወድቃልና። ጀማሪው ከላይ መምታት ስለሚወድ ብቻ ከላይ ይመታዋል። ስለዚህ የዋናው ተጫዋች ጥበብ እጅግ ሩቅ ማሰብ ሳይሆን ተጋጣሚው ካለበት ደረጃ አንድ ብቻ ከፍ ብሎ መቆም ነው።

በቢቸና አጠገብ በአንድ የግጦሽ መስክ ከእርሱ የሚበልጡ ሁለት ልጆችን በተከታታይ ያሸነፈ አንድ ትንሽ እረኛ እንዴት እንዳደረገው ጠይቄው ነበር። ዐይኑ ከተጋጣሚው ዱላ ላይ ሳይሆን ከትከሻው ላይ እንደሚያርፍ ነገረኝ። ዱላ ይዋሻል፤ ትከሻ ግን ከዱላው ቀድሞ ስለሚነሣ ለመዋሸት ያዳግተዋል። ይህን ነገር ማንም አላስተማረውም፤ በቅልጥሙ ላይ ያረፉት ምቶች ካልሆኑ በቀር።

ጉግስ

ምክቶሽ በምትና በመመከት መካከል ያለውን ግምት የሚያሳይ ሲሆን፣ ጉግስ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል፤ እርሱም የማይመለስ ሥራ ዋጋ ነው። በጥምቀትና በሌሎች ታላላቅ በዓላት ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው ሲጫወቱ፣ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸው በጋሻው ይከላከላል። ቀጥሎ ተራው ይለወጥና አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል።

ተመልካች ሆኖ የሚያየው ሰው የጨዋታው ፍሬ ነገር በውርወራው ላይ ይመስለዋል። ነገር ግን የተወረወረ ዘንግ ወደ እጅ አይመለስም። ዘንጉን በእጁ የያዘ አሳዳጅ ይፈራል፤ ዘንጉን የጣለ አሳዳጅ ግን በፈረስ ላይ የተቀመጠ ባዶ እጁን ያለ ሰው ነው። ስለዚህ የአሳዳጁ ጥበብ ሳይወረውር ማስፈራራት ነው። ክንዱን ያነሣል፣ የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላው ያዞራል፤ ክንዱን ያወርዳል፣ ያኛው ጋሻውን ሲመልስ እንደ ገና ያነሣል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያደርግ የጋሻው ክንድ ይደክማል፤ ከክንዱም ይልቅ ልብ ይደክማል። ውርወራው የሚመጣው በዚህን ጊዜ ነው።

የሚሸሸውም በበኩሉ ዝም ብሎ አይሸሽም። የእርሱ ጥበብ ዘንጉን ያለ ጊዜው ማስወርወር ነው። ፈረሱን በጥቂቱ ገታ ያደርጋል፣ ጀርባውን የተጋለጠ ያስመስላል፤ አሳዳጁ ጊዜው ደረሰ ብሎ ሲወረውር በፈረሱ አንገት ላይ ይደፋል ወይም ወደ ጎን ያዘነብላል። ዘንጉ በባዶ ያልፋል። ከዚህ የምንማረው ያልተወረወረ ዘንግ ከተወረወረው ይልቅ ኃይል እንዳለው ነው። ከዚህም ጋር ፈረሱ ራሱ ምስክር ነው፤ ወደሚታጠፍበት ጎን ቀድሞ ስለሚያዘነብል የጋላቢውን አሳብ ያጋልጣል። በምክቶሽ ትከሻ የሚሠራውን ሥራ በጉግስ ፈረሱ ይሠራዋል ማለት ነው።

ገና

በልደት በዓል የሚደረገው የገና ጨዋታ የሁለት ሰዎች ሳይሆን የሁለት መንደር ወይም የሁለት ወገን ግጥሚያ ነው። በዚህ ብዙ ሰው ባለበት ጨዋታ ውስጥ የብልሃት ውጊያ የሚካሄደው በዱላ ብቻ ሳይሆን በቃልም ነው። ከተጋጣሚው ወገን ዋናውን ተጫዋች መርጦ ማናደድ የታወቀ ዘዴ ነው። የተናደደ ሰው ሩሩን ትቶ ሰውን ያሳድዳል፤ እርሱ ሰውን ሲያሳድድ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ሩሩም በዚያው በኩል ያልፋል። እንግዲህ ስድቡ የጨዋታው ጌጥ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ነው።

በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚነገረውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችንም እናውቃለን። ይህን አነጋገር ብዙዎች ስለ ማኅበራዊ እኩልነት ብቻ እንደ ተነገረ አድርገው ይተረጕሙታል፤ በዚያች ዕለት ሎሌው ከጌታው ጋር እኩል ይጫወታልና ትርጓሜው ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ከጨዋታው ውስጥ ሆነን ስናየው ሌላም ምክር ይዟል፤ የተቆጣ ተሸነፈ ማለት ነው። ጌታው እንዳይቆጣ የሚጠየቀው ለሎሌው ሲባል ብቻ አይደለም፤ ለራሱ ወገን ድልም ሲባል ነው።

ሰንጠረዥ

ከሜዳ ጨዋታ ወጥተን ወደ ቤት ስንገባ ሰንጠረዥን እናገኛለን። ሰንጠረዥ የቢቸና ወይም የሞጣ እረኛ ጨዋታ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት ጨዋታ ነበር እንጂ። እዚህ የማነሣው የብልሃት ውጊያን ከማውቃቸው የአገራችን ጨዋታዎች ሁሉ አጥርቶ ስለሚያሳይ፣ እንዲሁም ዕጣው ለቀሩት ማስጠንቀቂያ ስለሚሆን ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። በመቶ ዓመቱ አጋማሽ በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ስለ ጨዋታው መግለጫ ትቷል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አሰባስበው አሳትመዋል። ከእነዚህ እንደምንረዳው ገበታው 64 ቤት ያለው ሲሆን ቤቶቹ በቀለም አይለያዩም፤ ብዙ ጊዜም በቀይ ጨርቅ ላይ በመስመር ይበጅ ነበር። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉት ጠጠሮች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ።

የአገራችንን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ሁሉ የሚለየው ግን አጀማመሩ ነው። ይህም «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት፣ እያንዳንዱ በወደደው ፍጥነትና በወደደው ቁጥር ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው አይቶ መደቁን ይመልሳል፤ ያኛው ደግሞ የተመለሰውን መደቅ አይቶ አሰላለፉን ይለውጣል። ዐይን በሁለት ቦታ ነው፤ በራስ እጅና በተጋጣሚ እጅ። አንዱ መጀመሪያ ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል።

በወረራ ውስጥ የመጀመሪያው መብላት ልክ እንደ ጉግሱ ውርወራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሆነ አይመለስም፤ ነጻነቱንም ይዘጋል። አሰላለፉ ገና ያልተሟላለት ሰው መብላቱን ያዘገያል፣ ያሟላው ደግሞ ያስቸኵላል። ነገር ግን ማስቸኰሉ ራሱ መሟላቱን ስለሚያሳውቅበት፣ ያላለቀ መስሎ ጠጠሮቹን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ግድ ይሆንበታል። የሰንጠረዡ ሕግ ዛሬ ተጽፎ ይገኛል። ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ወዲህ ግን ጨዋታው ከመኳንንቱ ቤት ስለ ጠፋ፣ ታላላቆቹ ተጫዋቾች በወረራ ጊዜ አሳባቸውን እንዴት ይሸሽጉ እንደ ነበር የሚነግረን የለም። ገበታው ተርፎልናል፤ ብልሃቱ ግን ሞቷል።

የፍልሚያ ቪዲዮ ጨዋታ

አንባቢው ወደዚህ ርእስ መሻገሬን እንደ ድፍረት እንዳይቈጥርብኝ እለምናለሁ። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በእነዚህም ከተሞች ወጣቶች ገንዘብ ከፍለው የሚጫወቱባቸው «ፕሌይስቴሽን ቤት» የሚባሉ ጠባብ ክፍሎች አሉ። የሚበዛው ጨዋታ እግር ኳስ ነው፤ ከእግር ኳሱ ቀጥሎ ግን ሁለት ሰዎች በመስኮቱ ላይ በሚታዩ ሁለት ተፋላሚዎች አማካይነት የሚደባደቡባቸው ጨዋታዎች አሉ። የተሸነፈው የጨዋታውን ዋጋ ይከፍላል፣ ቦታውንም ይለቃል፤ አሸናፊው ተቀምጦ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቆመው የሚመለከቱትም ዝም አይሉም፤ ይመክራሉ፣ ይሳለቃሉ፣ ይፈርዳሉ። ስለ ሰንጠረዥ የጻፉት ተጓዦች በገበታው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች እየጮኹ ምክር ይሰጡ እንደ ነበር መናገራቸውን ያነበበ ሰው ከዚህ ክፍል ሲገባ እንግዳ አይሆንም።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በዓለም ላይ የተስፋፋው ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.አ.አ. በ1991 «ስትሪት ፋይተር 2» የሚባለውን ካወጣ በኋላ ነው። በ1994 ናምኮ «ቴከን»ን አስከተለ። አሠራሩን ባጭሩ ለመግለጽ፣ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ሥዕል በአንድ ሰከንድ 60 ጊዜ ይለወጣል፤ የእያንዳንዱም ምት ፍጥነት በእነዚህ ሥዕሎች ቁጥር ይለካል። ሰው አንድን ነገር በዐይኑ አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም ከ12 እስከ 15 ሥዕል መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ምቶች ግን ከዚህ ባነሰ ጊዜ ይደርሳሉ። ስለዚህ ተጫዋቹ የተሰነዘረውን አይቶ ሳይሆን የሚሰነዘረውን ገምቶ መመከት አለበት። ይህ በአገዳ ከሚጫወተው እረኛ ችግር ጋር አንድ ነው።

የጨዋታው መሠረት በሦስት ነገር ላይ የቆመ ነው። መከላከል ምትን ያከሽፋል፤ ቀርቦ ይዞ መጣል የሚከላከለውን ይረታል፤ ምት ደግሞ ሊይዝ የሚቀርበውን ይቀድመዋል። ከሦስቱ ሁሉን የሚያሸንፍ አንድም የለም። እንግዲህ ማሸነፍ የሚቻለው ተጋጣሚው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመርጥ በማወቅ ብቻ ነው። የከሸፈ ከባድ ምትም እንደ ተወረወረ ዘንግ ነው፤ ተፋላሚው ክንዱን እስኪሰበስብ ድረስ ተጋልጦ ይቆያል። ጃፓኖች ይህን አሳብ የማወቅ ችሎታ «ዮሚ» ይሉታል፤ ትርጉሙም ንባብ ማለት ነው። የእኛ አገር ሰው «ነቃበት» ይላል። ሁለቱ ቃላት አንድን ነገር በሁለት ወገን ያዩታል። ጃፓናዊው የተጋጣሚውን ልብ እንደ መጽሐፍ ይቈጥረዋል፤ የእኛው ቃል ግን ማዘናጋትን እንደ ማስተኛት፣ ማሸነፍን ከእንቅልፍ እንደ መንቃት ይመለከተዋል።

በዚህ ጨዋታ ታሪክ እጅግ የታወቀው ግጥሚያ እ.አ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ የተደረገው ነው። ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ ከአሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ጋር ሲጋጠም የተፋላሚው ጕልበት አልቆ ነበር፤ ተራ መከላከል እንኳ ጥቂት ጕልበት ስለሚቀንስ፣ ተከላክሎም ቢሆን ይሸነፍ ነበር። በዚያ ጨዋታ ግን ከመከላከል የተለየ «መመከት» የሚባል አለ፤ ምቱ በሚደርስበት ቅጽበት ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ መቺው ወደፊት በመግፋት የሚደረግ ነው። ቅጽበቱ ከተሳተ ምቱ በሙሉ ያርፋል። ዎንግ ከ10 በላይ ተከታታይ ምት ያለበትን ታላቁን ጥቃት ሲሰነዝር ኡሜሃራ ሁሉንም አንድ በአንድ መከተ፤ መልሶም መታና አሸነፈ። የመጀመሪያውን ምት አይቶ መመከት ስለማይቻል፣ ጥቃቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ነቅቶበት ነበር ማለት ነው። ዎንግን ያጠመደው የራሱ ድካም ነው፤ ደካማ መሆኑ ሁሉ ስለሚታይ ተጋጣሚው ምን እንደሚመርጥ ታወቀበት። ይህን ያደረገው ኡሜሃራ የውድድሩን የመጨረሻ ግጥሚያ ግን አላሸነፈም። አንዱን ልብ ያወቀ ሁሉንም ልብ አያውቅምና።

ከዚህም ሌላ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅም ምሳሌ አለ። እ.አ.አ. በ2019 ከላሆር የመጣው ፓኪስታናዊው አርስላን ሲዲቅ፣ ከአገሩ ውጭ እምብዛም የማይታወቅ ሳለ፣ በጃፓንና በአሜሪካ የተደረጉትን ታላላቅ የ«ቴከን» ውድድሮች በአንድ ዓመት ውስጥ አሸነፈ። ከእርሱም በኋላ ዕውቁ የደቡብ ኮሪያ ተጫዋች ቤ ጄሚን ምሥጢሩን ለመማር ወደ ፓኪስታን ሄደ። ያገኘውም በየከተማው ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተሸናነፉ የበሰሉ ብዙ ተጫዋቾችን ነው። የብልሃት ውጊያ በአንድ ሰው አእምሮ ብቻ አይበቅልም፤ በአንድ ስፍራ በሚገናኙ ተጋጣሚዎች መካከል ይበቅላል እንጂ። በምሥራቅ ጎጃም ያለ አንድ ጠባብ ክፍልም ሆነ አንድ የግጦሽ መስክ በዚህ ረገድ ትምህርት ቤት ነው።

የብልሃት ውጊያ ከምን ይነሣል?

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ በሕዝብ ጠባይ ሊተረጕሙት ይወዳሉ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ በቢቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ እንግዲህ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን መሸሸግ የለመደ ሰው በጨዋታም እንዲሁ ያደርጋል ይላሉ። ዶናልድ ሌቪን እ.አ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፍ የአማራውን ኅብረተሰብ በዚህ ምሳሌ ከተነተኑ ወዲህ ይህ አስተሳሰብ በምሁራን ዘንድም ተለምዷል።

ንጽጽሩ ውበት አለው፤ እስከ አንድ ወሰንም እውነት ነው። የሚታየው ምት ሰም፣ የተሸሸገው አሳብ ወርቅ ነው ሊባል ይቻላል። ሆኖም በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ባለቅኔው ወርቁን የሚሸሽገው ብልህ ሰሚ እንዲያገኘው ነው፤ ማንም ያላገኘው ወርቅ ለባለቅኔው ኪሳራ ነው። ተጋጣሚ ግን ወርቁን የሚሸሽገው ያኛው ዘግይቶ እንዲያገኘው ነው። ከዚህም በላይ የኦሳካው፣ የኒውዮርኩና የላሆሩ ልጅ ቅኔ ቤት ሳይገባ ያንኑ ብልሃት ይሠራል።

ስለዚህ ምንጩን በሕዝቡ ጠባይ ሳይሆን በጨዋታው ቅርጽ መፈለግ አለብን። ከላይ ያየናቸው ጨዋታዎች በሦስት ነገር ይመሳሰላሉ። አንደኛ፣ ተጋጣሚው ምን እንደሚያደርግ ሳይታወቅ መወሰን ግድ ነው። ሁለተኛ፣ የተደረገው አይመለስም፤ ዋጋም ያስከፍላል። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚያሸንፈው ሌላ ሥራ አለው። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ሁሉ የብልሃት ውጊያ ይነሣል። የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን እ.አ.አ. በ1928 እንዳስረዱት፣ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ከሽንፈት የሚጠብቀው መንገድ ምርጫዎቹን በተገቢው መጠን እያቀላቀሉ፣ ማንም ሊገምተው በማይችል አኳኋን መጫወት ነው። ነገር ግን ሰው እንደ ዕጣ ሊሆን አይችልም። ሲፈራ ይከላከላል፣ ሲናደድ ይመታል፣ አንድ ጊዜ የተሳካለትን ይደግማል። ብልህ ተጋጣሚ የሚኖረው በዚህ የሰው ልማድ ላይ ነው።

የብልሃት ወሰን

የብልሃት ውጊያ ከጨዋታው ቅርጽ የሚነሣና በየትም አገር ያለ ከሆነ፣ ለሕዝብ ልማድ ተመራማሪ ምን ቀረለት? የቀረለት ዋናው ነገር ነው፤ እርሱም ወሰኑ ነው። የማታለል ዘዴ የጨዋታው ነው፤ የትኛው ማታለል ጥበብ፣ የትኛው ነውር እንደ ሆነ የሚፈርደው ግን ኅብረተሰቡ ነው።

ሰንጠረዥ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መግደል በሕጉ ያልተከለከለ ቢሆንም እንደ ዝቅተኛ ድል ይቈጠር ነበር፤ በፊልና በፈርዝ መግደል የተሻለ፣ በመደቅ መግደል ደግሞ እጅግ የተመሰገነ ነበር። ብቻውን የቀረውን ንጉሥም መግደል አይቻልም ነበር። ይህ ሕግ ከማሸነፍ ይልቅ እንዴት እንደ ተሸነፈ የሚመለከት ነው። የታላቅ ሰው ክብር ከተጋጣሚው ክብር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳየናል። በገናም ቢሆን በዚያች ዕለት የተነገረ ስድብ ከዚያች ዕለት አያልፍም፤ ነገ በገበያ ላይ ቢነሣ ግን ጠብ ነው። በምክቶሽ የወደቀን ልጅ መምታት ከጓደኞች ፊት ያሳፍራል።

በፕሌይስቴሽን ቤቶቹ ውስጥ ያገኘሁትም ይህንኑ ነው። አንድ ምት ብቻ እየደጋገመ ያሸነፈ ልጅ ገንዘቡን ይተርፍ ይሆናል እንጂ አይመሰገንም፤ ቆመው የሚመለከቱት አሸነፈ አይሉትም። የሚመከተውን አንድ ምት መመከት ያልቻለው ተሸናፊም እንዲሁ ይሳለቁበታል። በአሜሪካና በጃፓን የመጫወቻ ቤቶችም ተመሳሳይ ክርክር ሲደረግ ኖሯል፤ አንዳንዶች ሕጉ የፈቀደው ሁሉ የተፈቀደ ነው ይላሉ፣ ሌሎች አይደለም ይላሉ። ክርክሩ ዓለም አቀፍ ነው፤ ፍርዱ ግን በየክፍሉ ይለያያል። ይህን የተለያየ ፍርድ ማንም አልመዘገበውም።

መደምደሚያ

በሁለቱ ከተሞች ያነጋገርኋቸው ሽማግሌዎች ወጣቶቹ በመስኮት ፊት ጊዜያቸውን እንደሚያጠፉ ያማርራሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ገናንና ጉግስን የድሮ ሰው ድብድብ አድርገው ይመለከታሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ሥራ እንደሚሠሩ አልተረዱም። ሽማግሌው ስለ ጉግስ የሚነግረን ጥበብና ወጣቱ ስለ ቴከን የሚነግረን ጥበብ በአንድ ማስታወሻ ውስጥ ጎን ለጎን ሊጻፍ የሚችል ነው። እንዲያውም ሁለቱን በአንድ ላይ አስቀምጦ የሚያነጋግር ተመራማሪ፣ አንዱን ብቻ ከሚጠይቀው ይልቅ ብዙ የሚያገኝ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወደየአገራቸው ሄደው ጥናት ለሚያደርጉ ተማሪዎች፣ ከዕቃውና ከሕጉ በተጨማሪ አራት ጥያቄ እንዲይዙ አሳስባለሁ። ተጋጣሚህ ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ በምን ታውቃለህ? አንተስ እንዳይታወቅብህ ምን ታደርጋለህ? አሸንፈህ ያፈርህበት ጊዜ አለ ወይ? ተሸንፈህ የተመሰገንህበትስ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ጨዋታው ይነግሩናል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ስለ ሕዝቡ ይነግሩናል።

ዱላው በቤተ መዘክር ሊቀመጥ ይችላል፤ ሕጉም በመጽሐፍ ይቈያል። የእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ግን የሚገኘው በሰዎች ዘንድ ብቻ ነው። የሞጣውን ሽማግሌ ሳልጠይቅ ያለፍሁትን እኔ ዛሬ ልመልሰው አልችልም፤ ሌሎች ግን ገና ጊዜ አላቸው።